ጓሯችን ውስጥ ዘይቱን የሚበላው የሌሊት ወፍ የትኛው ነው? ዋሻውን ማጠንስ ያዋጣል?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወደ ጨፋ በሚወርድበት በኩል ሲሆን፣ ጓሯችን ውስጥ አባቴ የተከላቸው ሦስት የዘይቱን ዛፎች፣ አንድ ፓፓያና አንድ ማንጎ አሉ። ፍሬው መብሰል ሲጀምር በየዓመቱ የሌሊት ወፍ ይመጣብናል። ጠዋት ስንነሣ ሊሾው ላይ ጭማቂያቸው ተመጥጦ የተተፉ፣ በጣት ተጨፍልቀው የደረቁ የሚመስሉ የፍሬ ገለባዎች ተበትነው እናገኛለን፤ እናቴ «ሌሊቱን ሲቅሙ አድረው ገራባቸውን ትተውልን ሄዱ» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ለፓፓያው በዘረጋሁት የዓሣ መረብ ተጠልፎ አደረ። በወፍራም የቆዳ ጓንት ይዤ ክሩን እስክቆርጥለት ድረስ በቅርብ አየሁት። ፊቱ ከአይጥ ይልቅ የቀበሮ ቡችላ ይመስላል፤ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፤ ጆሮው ሥርም ሆነ ትከሻው ላይ ነጭ ነገር የለውም። ጭራው አለ ለማለት ያህል ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከአንድ ክንድ ይበልጣል፤ ከአውራ ጣቱ ሌላ በሁለተኛው ጣቱም ጫፍ ላይ ትንሽ ጥፍር አለችው። ጓንቱን ነክሶ አልለቅ ብሎኝ ነበር፤ ሲለቀኝ ግን በቀጥታ ወደ ወንዙ በረረ።

ከእኛ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀት ላይ፣ ገደሉ ሥር፣ የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻ አለ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ከሌሊት ወፍ ሊተላለፍ የሚችለው ገዳዩ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ከተሰማ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ዋሻውን በበርበሬና በአሮጌ ጎማ ጭስ አጥነው አፉን በድንጋይ ሊደፍኑት ተመካክረዋል። እኔም የልጆች አባት ስለሆንኩ ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ ነገር ግን የምናደርገውን ሳናውቅ እንዳንጀምር «እስከ እሑድ ታገሡኝ» ብያቸዋለሁ። ይህ የሌሊት ወፍ የትኛው ነው? ዝርያው ሊጠፋ የተቃረበ ነውን? ኮርኒሳችን ውስጥ የሚንጫጩት ትንንሾቹስ የዚሁ ልጆች ናቸውን?


መምህሩ ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገው አስተውለዋል፤ ብዙ ሰው የሌሊት ወፍ ሲይዝ የሚያየው ጥርሱን ብቻ ነው። ያቺ በሁለተኛው ጣት ላይ ያየኋት ያሏት ጥፍር ዋነኛ ምልክት ናት፤ ነፍሳት በሚበሉት ላይ አትገኝም፣ በአብዛኞቹ ፍሬ በሎች ላይ ግን አለች። ፍሬ በል ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቀን የት ይውላል የሚለው ነው። ጆሯቸው ሥር ነጭ ምልክት ያላቸውና ወንዶቹ ትከሻቸው ላይ ነጭ የጸጉር ጉንጉን የሚያወጡት ፍሬ በሎች የሚውሉት ዛፍ ላይ ነው። ገለባማ ቀለም ያለውና ክብደቱ እስከ 350 ግራም የሚደርሰው ትልቁ ፍሬ በልም እንዲሁ ዛፍ ላይ ይሰፍራል። የእርስዎ ነጭ ምልክት የለውም፣ ቡናማና ግራጫ ነው፣ በአቅራቢያውም የተሞላ ዋሻ አለ፤ ስለዚህ የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ሳይንሳዊ መጠሪያው ሩዜተስ ኤጂፕቲያከስ ነው። ጸጉሩ ረዘም ያለ የደጋ ዘመድ አለውና ሁለቱን በእርግጠኝነት ለመለየት ባለሙያ መለካት ይኖርበታል።

አንድ ማረጋገጫ ግን በራስዎ ሊያገኙ ይችላሉ። አብዛኞቹ ፍሬ በሎች የሚመሩት በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ስለሆነ ድቅድቅ ያለ ዋሻ ውስጥ መግባት አይሆንላቸውም። ይህኛው ግን በምላሱ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የሚመለሰውን ድምፅ እያዳመጠ ይበራል፤ ጠቅታው ጥንድ ጥንድ ሲሆን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ይወረውረዋል። ነፍሳት በሎቹ በጉሮሯቸው የሚያወጡት ድምፅ አብዛኛው ለሰው ጆሮ አይሰማም፤ የዚህን ጠቅታ ግን በከፊል እንሰማዋለን። ስለዚህ ምሽት ላይ ከዋሻው አፍ ራቅ ብለው፣ ወደ ውስጥ ፈጽሞ ሳይገቡ፣ ሲወጡ ያዳምጧቸው።

ስሙ እንዳያሳስትዎ፤ አገሩ ግብፅ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው የእንስሳት አጥኚ ዦፍሯ ሴንት ኢሌር እ.ኤ.አ. በ1810 ሲገልጸው የያዘው ናሙና በጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ውስጥ የተገኘ ስለ ነበር ነው ይህ ስም የቀረበት። የሚኖረው ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቱርክና ቆጵሮስ፣ በምሥራቅም እስከ ፓኪስታን ነው። ክብደቱ ከ80 እስከ 170 ግራም፣ የክንፉ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍሬውን ጨምቆ ጭማቂውንና ለስላሳውን ይውጥና ቃጫውን ይተፋዋል፤ እናትዎ ገራባ ያሉት ይህንን ነው። የዋጣቸው ጥቃቅን ዘሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚወጡ የሾላንና የዋርካን ዘር እየበረረ በየገደሉና በየወንዙ ዳር ይዘራል፤ ማንም ሳይተክለው ከዓለት ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ሾላ ሲያዩ አንዱ ዘሪ እሱ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ።

ስለ መራባቱ የምነግርዎ ለጎረቤቶችዎ ውሳኔ ይጠቅማል። አይጥ በአንድ ጊዜ ስድስትና ሰባት በምትወልድበት ዓለም ይህች ከአይጥ ብዙም የማትበልጥ እንስሳ አራት ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው። ግልገሏን ደረቷ ላይ አጣብቃ ለስድስት ሳምንት ያህል ይዛው ትበራለች፤ ከዚያ በኋላ ሲከብዳት ዋሻው ውስጥ ሰቅላው ትሄድና ሌሊት ተመልሳ ታጠባዋለች። በራሱ የሚበረው ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ነው። በወሊድ ሰሞን የገባ ጭስ በመጀመሪያ የሚገድለው እነዚህን የተሰቀሉ ግልገሎች ነው።

የኮርኒሱን በሚመለከት፣ አይደሉም። ትንሽ የሌሊት ወፍ የትልቁ ልጅ ነው የሚለው አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ስሕተት ነው። ቆርቆሮ ሥር የሚኖሩት ብዙ ጊዜ ጭራቸው ከክንፋቸው ሽፋን ወጣ ብሎ የሚታይ፣ አሥር ግራም ገደማ የሚመዝኑ ነፍሳት በሎች ናቸው፤ ከእነዚህ በአፍሪካ እጅግ የተለመደው አንዱ ዝርያ ለሳይንስ የተገለጸው ከምጽዋ በተወሰደ ናሙና ነው። ቆርቆሮው በቀትር ሲግል የማይሸሹ፣ ማታ ማታ የእሳት እራትና ጥንዚዛ ሲለቅሙ የሚያመሹ ናቸው። ዘይቱንዎን አይነኩም።


ገበሬው (ሐርቡ)፦

መምህር፣ ትምህርቱን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ዘር ይዘራል እየተባለ የሚወደሰው እንስሳ የእኔን ማንጎ ሲጨርስ ማንም ካሣ አልከፈለኝም። አምና ካለኝ ዛፍ የአንዱን ከጫፉ ያለውን ፍሬ በሙሉ በሦስት ሌሊት ነክሶ ነክሶ ጣለው፤ የተነከሰውን ደግሞ ነጋዴ አይወስድም። አሁን በዚህ ላይ ሰው የሚገድል በሽታ ተጨመረ። ለአውሬ ማዘን ጥሩ ነው፤ ሰው ግን ይቀድማል። ዋሻው ቢደፈን ማን ይጎዳል? ጎረቤቶቹ ተሳስተዋል ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ።


እኅታችሁ ከሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

ሥራዬ በጤናው ዘርፍ ስለሆነ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሰው ይቀድማል በሚለው ከሐርቡው ወንድሜ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ዋሻው አይታጠን የምለውም ከዚሁ ተነሥቼ ነው።

በመጀመሪያ የፍርሃቱ መሠረት እውነት መሆኑን ልናገር። የማርበርግ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመንና በቤልግሬድ ቤተ ሙከራዎች ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች አማካይነት ሰዎች ሲታመሙ ነው፤ 31 ሰዎች ታመው ሰባቱ ሞቱ። የቫይረሱ የተፈጥሮ መኖሪያ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በኡጋንዳ ኪታካ የሚባል የማዕድን ዋሻ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከታመሙ በኋላ ተመራማሪዎች ቫይረሱን በሕይወት ካሉ የሌሊት ወፎች አገኙት። ያ የሌሊት ወፍ መምህሩ የገለጹልን የግብፅ ፍሬ በል ነው። ራሱ አይታመምም፤ በምራቁ፣ በሽንቱና በኩሱ ግን ሊያወጣው ይችላል። በአንድ ጊዜ ቫይረሱን ተሸክመው የሚገኙት ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ስድስት ወር ገደማ በሆናቸው ወጣቶች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ። የኪታካው ዋሻ ታሪክ በዚያ አላበቃም። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ልክ እንደ እናንተ ጎረቤቶች ተማከሩና የዋሻውን አፍ በመረብና በአጥር ዘግተው የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው። ጥቂት ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያው ዋሻ ብዙም በማይርቀው በኢባንዳ ከተማ ማርበርግ እንደገና ተነሣ፤ በኡጋንዳ እስከዚያ ጊዜ ከታዩት የማርበርግ ወረርሽኞችም ትልቁ ሆነ። ተመራማሪዎች ተመልሰው ዋሻውን ሲያዩት ዳግም ተከፍቷል፤ የሌሊት ወፎቹ ቁጥር ከቀድሞው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ቢሆንም ቫይረሱን ተሸክመው የተገኙት 13.3 በመቶ ነበሩ። ከመፈጀታቸው በፊት ግን መጠኑ 5.1 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ በሽታውን ቀድመው ተቋቁመው መከላከያ ያዳበሩት ነባሮች ሲሞቱ በቦታቸው ከሌላ የመጡ፣ ቫይረሱን የማያውቁ ወጣቶች ገቡና ቫይረሱ እንደ ልቡ ተዛመተባቸው። በሌላ አነጋገር ሰው ዋሻውን አጸዳሁ ሲል በሽታውን ሊያድሰው ይችላል ማለት ነው።

ሌላም አለ። የሚያጥኑት ሰዎች እነማን ናቸው? የእናንተው ጎረምሶች ናቸው። ጭስ የገባበት የሌሊት ወፍ ተደናግጦ ሰው ፊት ላይ ይወጣል፣ ይሸናል፣ ወድቆም በእጅ ይነሣል፤ የሞተውን የሚጎትት ውሻ፣ ሊያየው የሚሄድ ልጅ አለ። እስከ ዛሬ ከዋሻው ጋር ያልተነካካው መንደር በዚያች አንድ ቀን ከማንም በላይ ይነካካል።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ቀላል ነው። ወደ ዋሻው አትግቡ፤ ልጆችና ፍየል ጠባቂዎችም እንዳይገቡ። ኩሱን ለማዳበሪያ የሚዝቅ ካለ ይተወው፤ ማርበርግ ባይኖር እንኳ የኩሱ አቧራ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። የተነከሰ ፍሬ አይበላ፤ የሚታየውን ብቻ ቆርጦ ቀሪውን መብላትም አይሆንም። የወደቀውን በአካፋ አንሥታችሁ ቅበሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቦርከና ልጅ፣ ጓንቱን ነከሰኝ ብለዋል፤ ጥርሱ ወደ ሥጋዎ አልፎ ከሆነ ወይም ቆዳዎን ቧጭሮዎት ከሆነ ነገ ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ከማርበርግ በተጨማሪ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጉዳይም አለና።


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እኅቴ፣ ጓንቱ የብየዳ ጓንት ስለ ነበር አላለፈም፤ እጄንም አሳይቼ መጥቻለሁ፤ ስለ ሐሳብዎ እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት ማታ ከዋሻው አፍ ማዶ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ፀሐይ ጠልቃ ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል በመጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የበሰበሰ ፍሬና የሽንት ድብልቅ የሚመስል። ከዚያ መምህሩ ያሉት ጠቅታ ተሰማኝ፤ ሰው ጥርሱን በምላሱ እንደሚመጥ ያለ፣ ፈጣን፣ ብዙ ሆኖ እንደ ዝናብ ጠብታ የተደራረበ ድምፅ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ብለው ወጡ፤ ቀጥሎ መቁጠር አቃተኝ። የገረመኝ ግን ከሚወጡት ውስጥ ወደ እኛ መንደር የዞሩት ጥቂቶች መሆናቸው ነው፤ አብዛኞቹ ገደሉን ይዘው ወደ ደሴ አቅጣጫ ወጡ። ታዲያ የእኔን ዘይቱን የሚበሉት እነዚህ ካልሆኑ ከየት የሚመጡ ናቸው? የመጀመሪያው ጥያቄዬም አልተመለሰም፤ ዝርያው ለመጥፋት ተቃርቧል ወይ?


መምህሩ ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦

የሰሙት ጠቅታ ጥርጣሬዬን አሳንሶታል። አቅጣጫቸውን ማየትዎም ትልቅ ነገር ነው። በእስራኤል የዚህን ዝርያ የሌሊት ወፎች አነስተኛ ጂፒኤስ አስረው በተከታተሏቸው ጊዜ ከዋሻቸው እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ እየበረሩ፣ በመንገዳቸው ላይ ፍሬ ያላቸውን ሌሎች ዛፎች እያለፉ፣ ወደ ለመዱት አንድ ዛፍ ሌሊት በሌሊት እንደሚመለሱ ታይቷል። ኮምቦልቻና ደሴ በመኪና መንገድ እንኳ የሚራራቁት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የእርስዎን ዘይቱን የሚበላው ከዚያ ዋሻ ላይሆን ይችላል፤ የዚያ ዋሻ ነዋሪም እኔ ጓሮ ያለውን ወሸመላ እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ወር አንድም አላስተረፉልኝም። አንዱን ዋሻ ደፍኖ ጓሮን ማዳን አይቻልም።

አሁን ስለ ደረጃው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በሚያወጣው ቀይ መዝገብ ላይ የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የተመዘገበው «እምብዛም አሳሳቢ ካልሆኑት» ተርታ ነው። ለመጥፋት አልተቃረበም። ሐቁ ይህ ስለሆነ ደብቄ ጎረቤቶችዎን ላስፈራራልዎ አልፈልግም። ከላይ የጠቀስኩት ገለባማው ትልቅ ፍሬ በል ግን በብዙ አገር ለሥጋው ስለሚታደንና የሚሰፍርበት ዛፍ ስለሚቆረጥ «ለሥጋት የተቃረበ» ከሚባሉት ውስጥ ተመድቧል።

ይሁን እንጂ ያ መዝገብ የሚናገረው ከኬፕታውን እስከ ቆጵሮስ ስላለው ዝርያ በጠቅላላው እንጂ ስለ እርስዎ ዋሻ አይደለም። ሺዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰቅለው የሚውሉና በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚወልዱ እንስሳት በአንድ ቀን ጭስ የዓመታት ትውልዳቸውን ያጣሉ። በእስራኤል የፍራፍሬ ጠላት ተብሎ ከ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዋሻዎች በመርዝ ታጥነው ነበር፤ ፍሬ በሉ ከጊዜ በኋላ አገግሞ ዛሬ በየከተማው ዛፍ ላይ ሲታይ፣ ዋሻውን የሚጋሩት ነፍሳት በሎች ግን ክፉኛ ተመቱ። ለገበሬው ያለ ደመወዝ የሚሠሩት እነዚያ ነበሩ። የኮምቦልቻው ዋሻ ውስጥም በአንድ ጥግ ሌሎች ትንንሽ ዝርያዎች ተሰቅለው ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያ ተራሮች ደግሞ በሌላ አገር የማይገኙ የሌሊት ወፎች ያሏቸው ናቸው፤ ከባሌ ተራሮች የተገኘው ባለ ረጅም ጆሮው ለሳይንስ የተገለጸው ገና እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ማን እንዳለበት ያልታየ ዋሻ ማጠን በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው፤ ጭሱን ከመለኮስ በፊት ቀበሌውንና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባል።

ለሐርቡው ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ኪሳራውን የምቀልድበት አይደለም። ነገር ግን የሌሊት ወፍ የሚመጣው ለበሰለ ፍሬ ነው። ማንጎ ለገበያ ሲሆን ሳይለሰልስ፣ ትከሻው ሞልቶ ገና ጠንካራ እያለ ቢለቀም አብዛኛው ይተርፋል። ለቤት የሚቀረውን ዛፍ ደግሞ መረብ ማልበስ ነው፤ የዓሣ መረብ ግን አይሁን። ትንሿ ጣትዎ የምታልፍበት ቀዳዳ የሌሊት ወፍንም፣ ወፍንም፣ እባብንም ይጠልፋል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ነጭ መረብ በደንብ ተወጥሮ ከታች ቢታሰር ይሻላል፤ የላላ መረብ ወጥመድ ነው።

የኮርኒሶቹን ማስወጣት ካስፈለገ ግልገል በሌለበት ሰሞን፣ ማታ ከወጡ በኋላ፣ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ይዝጉት። ቀን ከዘጉት ውስጥ ሞተው ይሸቱብዎታል።


ገበሬው (ሐርቡ)፦

የኪታካውን ታሪክ አላውቅም ነበር። አሁንም የሌሊት ወፍ አልወድም፤ ግን ዋሻው ይደፈን ያልኩትን አንሥቻለሁ። ማንጎውን ጠንካራ እያለ መልቀም የሚለውን አባቴም ይሉት ነበር፤ እኔ ነኝ ዋጋ እስኪጨምር እያልኩ የማቆየው። ያ ነጭ መረብ የት ይገኛል?


የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እሑድ ከቡና በኋላ ተሰበሰብን። የእኅታችንን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ 5.1 እና 13.3 የሚሉትን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አንድ ሽማግሌ «እና ብንነካቸው ይብስባቸዋል ማለት ነው?» አሉና ከዚያ በኋላ ስለ ጎማው የተናገረ አልነበረም። አንድ ጎረቤታችን ብቻ አልተዋጠለትም፤ እስካሁንም ጭሱ ይሻል ነበር እያለ ነው።

የተስማማነው ወደ ዋሻው በሚወስደው የፍየል መንገድ ላይ እሾህ ለመከመር ነው፤ ከአፉ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ አድርገን፣ በረራቸውን በማይዘጋ ቁመት። ለቀበሌውም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዋሻው የት እንዳለ አሳውቀናል። የዓሣ መረቡን አውርጄ አቃጥዬዋለሁ። ለሐርቡው ወንድሜ፣ ነጩን መረብ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የችግኝ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ አግኝቼዋለሁ፤ በሜትር ነው የሚቆርጡት፣ ለአንድ መካከለኛ ማንጎ የሚበቃውን ለመለካት ዛፉን በገመድ ዙረው ይሂዱ። እኔ ሳልለካ ሄጄ ሁለት ሜትር አንሶኛልና ከታች በኩል ገና በማዳበሪያ ከረጢት ነው የደፈንኩት።